አንድሮሜዳ ጋላክሲ በትንሽ ቴሌስኮፕ ለምን ይደበዝዛል? የባለሙያ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የፊት ሌንሱ 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 700 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ገዝቼ አንድሮሜዳ ጋላክሲን ፈለግሁ። ያገኘሁት ደብዛዛ ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ ማጉያውን ስጨምር ጭራሽ ጠፋ። ችግሩ የቴሌስኮፑ ነው? ፎቶ ላይ የሚታየውን ለማየት ምን ልግዛ? በካሜራስ ማንሳት ይቻላል? ከእኛ ጋላክሲ ጋር ይጋጫል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ያዩት ራሱ አንድሮሜዳ ነው፤ ቴሌስኮፑም ጤነኛ ነው። ያስቸገረዎት የከተማው ብርሃን እና ከሚገባው በላይ ማጉላቱ ነው። ሁለቱም ያለ አዲስ ዕቃ ይስተካከላሉ፤ ስለዚህ ሌላ ቴሌስኮፕ ለመግዛት አይቸኩሉ።

ብዙ ሰው «ጋላክሲ ሩቅ ስለሆነ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በኃይል ማጉላት ያስፈልጋል» ብሎ ይነሳል። አንድሮሜዳ ግን ሰማይ ላይ ትንሽ አይደለም። ረጅም ጊዜ ተጋልጠው በተነሱ ፎቶዎች ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ስለሆነች፣ ስድስት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙትን ርዝመት ይይዛል ማለት ነው። የጎደለው ድምቀት ነው። አጠቃላይ የድምቀት ደረጃው 3.4 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ በባዶ ዓይን በደንብ ከሚታይ መካከለኛ ኮከብ ጋር እኩል ነው። ቁጥሩ ግን ብርሃኑ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ቢሰበሰብ የሚኖረውን ድምቀት ነው የሚናገረው። ኮከብ ብርሃኑን በነጥብ ይሰጣል፤ አንድሮሜዳ ያንኑ ያህል ብርሃን ከሁለት ካሬ ዲግሪ በሚበልጥ ስፋት ላይ አስጥቶታል።

ማጉላት የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጭልፋ ሊጥ በትንሽ ምጣድ ላይ ወፈር ይላል፣ በሰፊው ላይ ይሳሳል፤ የጋላክሲው ብርሃንም እንደዚያው ነው። ማጉያውን በእጥፍ ሲጨምሩ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ስፋት ላይ ስለሚበተን የእያንዳንዱ ቦታ ድምቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። በእርስዎ ቴሌስኮፕ 25 ሚሊሜትር አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ተቀያያሪ ሌንስ) ሲገባ 700 ለ25 ተካፍሎ 28 እጥፍ ያጎላል፤ በአይፒሱ ውስጥ የሚታየው የሰማይ ክብም ወደ 1.8 ዲግሪ ነው። 10 ሚሊሜትሩ ሲገባ ማጉያው 70 እጥፍ ይሆናል፣ ክቡም ወደ 0.7 ዲግሪ ይጠብባል። በዚያች ጠባብ ክብ ውስጥ ከጋላክሲው አንድ አራተኛ እንኳ አይገባም፤ ዙሪያውን ጨለማ ሰማይ ስለማያዩም ዓይን የሚያነጻጽርበት አጥቶ «ምንም የለም» ይላል። እንዲህ ያሉ ቴሌስኮፖች ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ 525 እጥፍ ተብሎ የሚጻፈው 4 ሚሊሜትር አይፒስ ከባለ 3 እጥፍ ባርሎው (ማጉያውን የሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ) ጋር ተያይዞ የሚወጣ ስሌት ነው። የ70 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ከ140 እጥፍ ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ የሚጎላው ብዥታው ነው። ለአንድሮሜዳ 25 ሚሊሜትሩን ብቻ ይጠቀሙ፤ ባርሎውን ከሳጥኑ አያውጡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ለማመን የሚቸገርበትን ነገር ልጨምር። የትኛውም ቴሌስኮፕ፣ የቱንም ያህል ቢተልቅ፣ እንደ ጋላክሲ ያለ ሰፊ ነገርን ፊቱን በባዶ ዓይን ከሚታየው የበለጠ ደማቅ ሊያደርገው አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ያንኑ ድምቀት ይዞ ማስፋት ነው። ስለዚህ ትልቅ ቴሌስኮፕ ከተማ ውስጥ ቢያቆሙ ጋላክሲውም የከተማው ሰማይም አብረው ነው የሚሰፉት። የአንድሮሜዳ አማካይ የፊት ድምቀት በካሬ ቅስት ሰከንድ (እጅግ ትንሽ የሰማይ ስፋት መለኪያ) ከ22ኛ ደረጃ ትንሽ የደበዘዘ ነው። ጥሩ ጨለማ ያለው የገጠር ሰማይ ራሱ 21.5 አካባቢ ነው፤ የትልቅ ከተማ መሀል ሰማይ ደግሞ ወደ 18 ይጠጋል (በዚህ ሚዛን ቁጥሩ ሲያንስ ሰማዩ ይነጣል)። ልዩነቱ ሲሰላ፣ ከተማ ውስጥ ሰማዩ ከጋላክሲው ሳህን ወደ 40 እጥፍ የበለጠ ያበራል። ከመብራቱ ነጥሮ የሚወጣው መሀሉ ላይ ያለው ጥቅጥቅ እምብርት ብቻ ነው፤ ያዩት ደብዛዛ ነገር እሱ ነው። ፋርሳዊው የከዋክብት ሊቅ አል-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ያለ ምንም መሣሪያ «ትንሽ ደመና» ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ጋላክሲ ነው። ቴሌስኮፕ ገና ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር፤ እሱ የነበረው ጨለማ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወዴት ይሂዱ? ከኢትዮጵያ ሆነን ስናይ አንድሮሜዳ በሰሜኑ የሰማይ ክፍል ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች፣ ጋላክሲው ከፍ በሚልበት ሰዓት ከሰሜን አድማስ በላይ 58 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከከተማ ሲወጡ የከተማው የብርሃን ጉልላት ከጀርባዎ፣ ማለትም በደቡብ፣ እንዲሆን ያድርጉ። ወደ ፍቼ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ መውጣት ወደ ቢሾፍቱና ባቱ ከመውረድ የሚሻለው ለዚህ ነው። በደቡብ በኩል ከወጡ የአዲስ አበባ ነጸብራቅ በትክክል ከጋላክሲው ሥር ይሆናል። ርቀቱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆን መልካም ነው፤ 100 ከደረሰ ልዩነቱ ለማንም ይታያል። በማታ ትራይፖድ ላይ የተደገነ ረጅም ቱቦ ከሩቅ ለማያውቀው ሰው ሊያስደነግጥ ስለሚችል፣ በቀን ደርሰው ለአካባቢው ሰዎችና ለጸጥታ አካላት ምን ልታዩ እንደመጣችሁ መናገር የዝግጅቱ አንድ ክፍል ነው። ብቻዎን አይሂዱ።

ወቅቱን በተመለከተ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት ለዚህ የተሰጡ ናቸው። በመስከረም መጨረሻ ጋላክሲው ከፍ የሚለው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ደመናውም ገና አልጠራም። ኅዳር ሲገባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በኅዳር አጋማሽ 3 ሰዓት ገደማ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ከፍታው ላይ ይደርሳል። ጥር ላይ ሲመሽ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምሯል፤ ቢሆንም እስከ የካቲት መጀመሪያ ድረስ የምሽቱን የመጀመሪያ ሰዓታት መጠቀም ይቻላል። ሁለቱ ምርጥ ወራት ኅዳርና ታኅሣሥ ናቸው፤ በእነዚህ ወራት ጨረቃ የምትጠፋባቸውን ሌሊቶች ይምረጡ። ግማሽ ጨረቃ እንኳ ሰማይ ላይ ካለች 100 ኪሎ ሜትር የነዱበትን ጥቅም ትወስድብዎታለች።

ውጭ ላላችሁ አንባቢዎች ከፍታው ይለያል። በዋሽንግተን አካባቢ ጋላክሲው ከሞላ ጎደል በአናት ላይ ያልፋል፤ በእስራኤል ከ80 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ በሪያድና በዱባይ ወደ 74 ይደርሳል። በአናት ላይ ያለን ነገር በተራ ትራይፖድ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ መከተል አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከፍታው ላይ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ወይም ዘግይተው ይዩት።

አሁን ወደ ፍለጋው። ገና ቀን ሳለ የቴሌስኮፑን ማነጣጠሪያ ያስተካክሉ፦ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ የአንቴና ጫፍ በ25 ሚሊሜትሩ መሀል ያስገቡ፣ ከዚያ የማነጣጠሪያውን ብሎኖች እያዞሩ ያው ጫፍ መስቀሉ ላይ ወይም ቀይዋ ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ይህን ያልሠራ ሰው ማታ ግማሹን ጊዜ ባዶ ሰማይ ሲያስስ ያድራል። በዚህ ጊዜ ቱቦውን ወደ ፀሐይ አካባቢ ፈጽሞ አያዙሩ።

ማታ ፊትዎን ወደ ሰሜን አድርገው ይቁሙ። ጋላክሲው ከፍ በሚልበት ሰዓት ከአናትዎ ትንሽ ወደ ግራ የፔጋሰስ ትልቅ አራት ማዕዘን ይታያል፤ አራት ተቀራራቢ ድምቀት ያላቸው ኮከቦች ናቸው፣ መሀላቸው ባዶ የሚመስል። ከአራቱ ወደ ሰሜንና ወደ ቀኝ ያለችው ማዕዘን አልፌራትዝ ትባላለች። ክንድዎን ዘርግተው የጨበጡት እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ከአልፌራትዝ ተነስተው ወደ ቀኝና ትንሽ ወደ ታች አንድ ጭብጥ ተኩል ሲሄዱ ከእሷ ጋር እኩል የምትደምቅ፣ ቀላ ያለች ኮከብ ያገኛሉ። ሚራክ ናት። ከሚራክ ወደ ታችና ወደ ግራ 4 ዲግሪ ሲወርዱ ሚዩ የምትባል ደከም ያለች ኮከብ አለች፤ በዚያው አቅጣጫ ሌላ 4 ዲግሪ ሲጨምሩ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ላይ ነዎት። ከጋላክሲው አጠገብ በስተቀኝ ከዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ኒዩ የምትባል ኮከብ መኖሯ ማረጋገጫ ይሆናል።

ሌላም መንገድ አለ። ከጋላክሲው በታች በሰሜን በኩል የካሲዮፔያ አምስት ኮከቦች በተሰበረ መስመር ተደርድረው ይታያሉ። ወደ ላይ ከሚያመለክቱት ሁለት ስብራቶች ይበልጥ ሹል የሆነውን ይያዙ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ኮከብ ሸዳር ናት። ከሸዳር በቀጥታ ወደ ላይ አንድ ጭብጥ ተኩል ሲለኩ ጋላክሲው አካባቢ ይደርሳሉ። በግሪኮች ተረት ካሲዮፔያ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ሚስት፣ አንድሮሜዳ ደግሞ ልጃቸው ናት፤ ሦስቱም በሰማዩ አንድ ክፍል ተጎራብተው ተቀምጠዋል። እናቲቱን መነሻ አድርጎ ልጅቱን ማግኘት ለእኛ አገር ተመልካች እንዲያውም ይቀላል፣ ምክንያቱም የፔጋሰስ አራት ማዕዘን ከአናት አጠገብ ስለሆነ አንገት ያደክማል።

ዓይንን ማዘጋጀት ከሌንስ ጥራት በላይ ለውጥ ያመጣል። ዓይን ወደ ጨለማ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን ከታየ ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቀይ የባትሪ መብራት ይጠቀሙ፤ ከሌለ ተራውን ባትሪ በቀይ ፌስታል ደራርበው ይሸፍኑት። ጋላክሲው አይፒሱ ውስጥ ከገባ በኋላ በቀጥታ አይዩት፤ ትኩረትዎን ወደ ክቡ ዳር አድርገው በዓይን ጠርዝ ይዩት። ደካማ ብርሃንን የሚቀበሉት የዓይን ሕዋሳት ከዓይናችን መሀል ወጣ ብለው ነው የተሰገሰጉት። እነዚሁ ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ስለዚህ በፎቶ ላይ የሚታየውን ሰማያዊና ሮዝ በየትኛውም ቴሌስኮፕ በዓይን አይጠብቁ። ቱቦውን በጣት ቀስ ብሎ ማንቀጥቀጥም ይረዳል፤ ዓይን ከቆመ ደካማ ነገር ይልቅ የሚንቀሳቀሰውን ቶሎ ይይዛል።

በጨለማ ቦታ ላይ ይህ ሁሉ ተሟልቶ በ28 እጥፍ ምን ይታያል? መጀመሪያ ደማቅ፣ ክብ ለመሆን የሚቃረብ እምብርት። ከዚያ በሁለት አቅጣጫ የሚዘረጋ ሞላላ ጭጋግ፤ ከክቡ ግራና ቀኝ ሞልቶ ሊፈስ የደረሰ መስሎ ይታያል። ጋላክሲው ለእኛ ያዘነበለው ወደ ጎን ነው፤ ከፊት ለፊት ከሚታይ ሳህን 77 ዲግሪ ያህል ዞሯል። ስለዚህ ክንዶቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ስለሚሸፋፈኑ ጠመዝማዛ ቅርጹ በዓይን አይነበብም። ከእምብርቱ በደቡብ በኩል ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ትንሽ፣ ፎከሱ የጠፋ ኮከብ የምትመስል ነገር አለች፤ ኤም 32 የምትባል ጓደኛ ጋላክሲ ናት። በተቃራኒው በሰሜን ምዕራብ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ኤም 110 አለ፤ ከኤም 32 ሰፊ ግን በጣም ደብዛዛ ነው። ወደ ሰሜን ቆመው በባይኖኩላር ሲያዩ ደቡብ ወደ ላይ ስለሆነ ኤም 32 ከእምብርቱ በላይ፣ ኤም 110 ደግሞ ከታች በግራ ይሆናል። ቴሌስኮፑ ላይ ብርሃኑን በ90 ዲግሪ የሚያጥፈው መስታወት ካለ ላይና ታች እንዳለ ሆኖ ግራና ቀኝ ይገላበጣል፤ ያኔ ኤም 110 ከታች በቀኝ ይፈለጋል። ብዙ ሰው «ኤም 110 የለም» የሚለው በተሳሳተው ጎን ስለሚፈልገው ነው። ለሰማይ ጥራት ጥሩ መፈተኛም ይኸው ነው፦ ኤም 32 ብቻ ከታየ ሰማዩ መካከለኛ ነው፣ ኤም 110 በ70 ሚሊሜትር ከታየ ጨለማው በቂ ነው።

የፊት መስታወቱ 150 ወይም 200 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በእንዲህ ያለ ሰማይ ሥር ሲቆም ወደ ኤም 110 ባለው ጎን የጋላክሲው ጠርዝ እንደተቆረጠ ሆኖ ይታያል፤ ቀጥሎም ጥቁር መስመር ይለያል። እሱ ወደ እኛ በቀረበው ጎን ያለው የአቧራ ቀበቶ ነው። በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ደግሞ ኤንጂሲ 206 የሚባለው ግዙፍ የወጣት ከዋክብት ክምችት እንደ ትንሽ ሞላላ ብርሃን ብቅ ይላል። ይህ ለትልቅ ቴሌስኮፕ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ግን ጨለማው ከተገኘ በኋላ የሚመጣ ምክንያት ነው።

የግድ ገንዘብ ማውጣት ካለብዎት 10 በ50 ባይኖኩላር ይግዙ። 10 እጥፍ ያጎላል፣ ከ6 ዲግሪ በላይ ሰማይ ያሳያል፣ ጋላክሲውን ከነዙሪያው ጨለማ ያቀርባል። የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር ለ10 ሲካፈል 5 ሚሊሜትር ነው፤ ከሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ጨረር ስፋት ይህ ነው፣ በጨለማ ከተከፈተ የሰው ዓይን ብሌን ጋርም ይስማማል። የእርስዎ ቴሌስኮፕ በ28 እጥፍ የሚሰጠው 2.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ምስሉ በአራት እጥፍ ይደበዝዛል። ለዚህ አንድ ነገር ባይኖኩላሩ ቴሌስኮፑን ይበልጠዋል። በእጅ ይዘው ሲያዩ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ጀርባዎን አስደግፈው ወይም መሬት ላይ በጀርባዎ ተኝተው ይዩ። 20 በ80 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ያለ ትራይፖድ አያገለግሉም።

ወደ ፎቶው ስንመጣ፣ የአንድሮሜዳን ጠመዝማዛ ክንዶች መጀመሪያ ያሳየው ዓይን አልነበረም። ዌልሳዊው አይዛክ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1888 ለረጅም ሰዓት በተጋለጠ የፎቶ ሳህን ላይ ነው ያወጣቸው፤ ከእሱ በፊት ትልልቅ ቴሌስኮፕ የነበራቸው ሰዎች ለዘመናት ሲያዩት ቅርጹን አላወቁትም። ዓይን ብርሃንን አያጠራቅምም፤ ካሜራ ያጠራቅማል። ስለዚህ «ፎቶ ላይ ያለውን» ከፈለጉ መንገዱ ካሜራ ነው፣ ለመጀመርም ቴሌስኮፕ አያስፈልግም።

ሌንሱ የሚቀያየር ማንኛውም ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ ጠንካራ ትራይፖድና የማንሻ ሪሞት ይበቃሉ። ሌንሱን ኤፍ 2.8 ላይ ያድርጉት (ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል)፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ዳር ያሉት ኮከቦች ክንፍ ያወጣሉ። አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን) 1600፣ ወይም ሰማዩ በጣም ጨለማ ከሆነ 3200። ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን፤ ጄፔግ ደካማውን ብርሃን ቆርጦ ይጥለዋል። መሬት ስለምትዞር በአነስተኛ ሴንሰር ካሜራ ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆዩ ኮከቦቹ መስመር ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ረጅም ፎቶ ማንሳቱን ትተው 5 ሰከንድ የሚቆዩ 300 ፎቶዎችን ያንሱ፤ ድምሩ 25 ደቂቃ ብርሃን ነው። በመጨረሻም የሌንሱን ክዳን ገጥመው በዚያው አይኤስኦ፣ በዚያው 5 ሰከንድ፣ በዚያው ብርድ 30 ጨለማ ፎቶዎችን ያንሱ፤ ሴንሰሩ ራሱ የሚፈጥረውን ትኩስ ነጥብ ለመቀነስ ያገለግላሉ። እነዚህን ሁሉ ዲፕ ስካይ ስታከር ወይም ሲሪል በሚባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ያደራርቧቸው። የመደራረብ ጥቅሙ በስሌት የታወቀ ነው፦ የሚረብሸው ቅንጣት ከምስሉ አንጻር በፎቶዎቹ ቁጥር ካሬ ሥር ይቀንሳል። 100 ፎቶ 10 እጥፍ ያጠራል፣ 400 ፎቶ 20 እጥፍ። ከተደራረበ በኋላ ምስሉ ጥቁር መስሎ ይወጣል፤ አይደንግጡ። በሶፍትዌሩ የብርሃን ኩርባውን (የድምቀት ማስተካከያውን) ቀስ በቀስ ሲያነሱት ሞላላው ሳህንና ሁለቱ ጓደኞቹ ይወጣሉ።

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው በፎከስ ነው። ራስ-ሰር ፎከሱን ያጥፉ፣ በካሜራው ስክሪን ላይ ሚራክን 10 እጥፍ አጉልተው ነጥቧ በጣም እስክታንስ ድረስ ቀለበቱን በእጅ ያዙሩ፣ ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ያጣብቁ። በደጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ሲጠነክር ሌንሱ ስለሚኮማተር በየግማሽ ሰዓቱ መፈተሽ ያስፈልጋል። ትራይፖድ ላይ ሳለ የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉ፤ ክፍት ከሆነ ራሱ ምስሉን ያነቃንቃል። የረጅም ኤክስፖዠር ማጥሪያውንም ያጥፉ፤ ያለበለዚያ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ካሜራው ሌላ 5 ሰከንድ ስለሚይዝ ከሌሊቱ ግማሹ ይባክናል። ሌንሱ ላይ ጤዛ ሲያርፍ ፎቶዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ጭጋግ ይለወጣሉ፤ ሲያነሱ ስለማይታወቅ በየ50 ፎቶው አንዱን አጉልተው ይዩ። የሌንስ መከለያ ቀለበት መግጠምና ሌንሱን በሹራብ ጨርቅ መጠቅለል ጤዛውን ያዘገየዋል። ባትሪም በብርድ ቶሎ ያልቃል፤ ተጠባባቂውን ከሰውነትዎ ጋር አስጠግተው በኪስ ይያዙ።

የሰማዩን መዞር የሚከተል መሣሪያ ለመግዛት የሚያስቡ ከሆነ፣ እንደ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር የሚመጣ ችግር አለ። መሣሪያው ወደ ሰሜን ዋልታ መነጣጠር አለበት፤ የሰሜን ኮከብ ደግሞ በአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፣ በጎንደር 12 ተኩል ገደማ፣ በሐዋሳ 7። በተራራ፣ በዛፍ ወይም በአቧራ በቀላሉ ትሸፈናለች። አንዳንዶቹ የማዘንበያ መቀመጫዎችም የተሠሩት የሰሜን ኮከብ በአውሮፓና በአሜሪካ ላላት ከፍታ ስለሆነ እስከዚያ ዝቅ አይሉም። ከመግዛትዎ በፊት የመቀመጫው ዝቅተኛ ዲግሪ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ከተሟላ 135 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2.8፣ 60 ሰከንድ የሚቆዩ 60 ፎቶዎች የአቧራ ቀበቶዎቹን በግልጽ ያወጣሉ። እምብርቱ ነጭ ሆኖ እንዳይቃጠል በ10 ሰከንድ የሚነሱ ጥቂት ፎቶዎችን ለብቻ ይጨምሩ። በስልክ የሚታዘዙት ትንንሽ ስማርት ቴሌስኮፖች በበኩላቸው ሴንሰራቸው ትንሽ ነው፤ የትኩረት ርዝመታቸው 250 ሚሊሜትር የሆኑት የሚያሳዩት ከ1.3 ዲግሪ አይበልጥም። ጋላክሲው ሙሉውን እንዲገባ ክፍል በክፍል ተነስቶ መገጣጠም አለበት።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ግጭቱ ነበር። መነሻው የጋላክሲው ፍጥነት ነው። በአሪዞና የሎውል ኦብዘርቫቶሪ ባልደረባ ቬስቶ ስላይፈር እ.ኤ.አ. በ1912 ብርሃኑን በትኖ ሲለካ አንድሮሜዳ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ እየመጣ መሆኑን አገኘ። ከዚያ ውስጥ ብዙው የእኛው ፀሐይ በፍኖተ ሐሊብ (በራሳችን ጋላክሲ) ውስጥ የምትሮጥበት ፍጥነት ነው፤ ጋላክሲ ከጋላክሲ ሲለካ መቀራረቡ በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ርቀቱ እንኳ አይታወቅም ነበር። ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1923 በማውንት ዊልሰን ባለ 100 ኢንች ቴሌስኮፕ፣ ድምቀቷ በ31 ቀን ከፍ ዝቅ የምትል ሴፊድ ኮከብ በውስጡ አግኝቶ ከድምቀቷ ርቀቱን አሰላ፤ አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑም ተረጋገጠ። የሃብል ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በታች ነበር። ዋልተር ባደ እ.ኤ.አ. በ1952 ሴፊዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ሲያሳውቅ ርቀቱ በእጥፍ አደገ፤ ዛሬ የሚጻፈው 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። በአይፒስዎ የሚገባው ብርሃን ጉዞውን ሲጀምር በአፋር ጎና የድንጋይ መሣሪያ የሚጠርቡ ፍጡራን ነበሩ ማለት ነው። ብርሃኑ ሁሉ ደግሞ እኩል ዕድሜ የለውም፦ ጋላክሲው በጣም ስላዘነበለ ከሩቁ ጠርዝ የሚመጣው ከቅርቡ ጠርዝ ከሚመጣው ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ይበልጣል።

ወደ እኛ መምጣቱ ብቻውን ግን ግጭትን አያረጋግጥም፤ ወደ ጎን የሚሄደው ፍጥነትም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 በሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የተሠራው ልኬት የጎን እንቅስቃሴው በጣም ትንሽ መሆኑን ስላሳየ፣ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በኋላ መጋጨታቸው የማይቀር ሆኖ ተጻፈ፤ እስከ ዛሬ የሚደጋገመውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር አስትሮኖሚ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጋያና ሃብል ከተባሉት የጠፈር ቴሌስኮፖች የተገኙትን አዳዲስ ልኬቶች ከነስህተት ክልላቸው አስገብቶ፣ የሁለት ትናንሽ ጎረቤቶችንም ስበት ጨምሮ ስሌቱን ደገመው። ኤም 33 የተባለው ጋላክሲ የመዋሃዱን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ ትልቁ የማጀላን ደመና ደግሞ ፍኖተ ሐሊብን ወደ ጎን ስለሚጎትት ይቀንሰዋል። ውጤቱ በሚቀጥሉት 10 ቢሊዮን ዓመታት የመዋሃዳቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው የሚል ሆኗል። ስለዚህ «ይጋጫል» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ትክክል አይደለም። ቢገናኙም እንኳ በከዋክብት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከከዋክብቱ ስፋት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ ኮከብ ከኮከብ ጋር የመጋጨቱ ነገር የለም ለማለት ይቻላል፤ የሚጋጩት የጋዝ ደመናዎቹ ናቸው።

ኤም 33 ያልነው ጋላክሲ ከሚራክ በሌላኛው ጎን፣ ከአንድሮሜዳ በተቃራኒ አቅጣጫ 7 ዲግሪ ላይ ይገኛል። የድምቀት ደረጃው 5.7 ነው፤ ብርሃኑ ግን ይበልጥ የተበተነ ስለሆነ ከተማ ውስጥ በ70 ሚሊሜትር አይፈልጉት። በኅዳር ከከተማ በወጡበት ሌሊት አንድሮሜዳን አይተው ሲጨርሱ ባይኖኩላሩን በሚራክ በኩል አሻግረው ይሞክሩት።